ማሰሪያ አንቀጹ የት ደረሰ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲባል የኖረው ወለምታውን የሚሰማው ጎረቤትና ዕድርተኛ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ደሴ አዳራሽ ውስጥ የአንድ ሹም ምላስ ሲያዳልጠው፣ ስብሰባው ሳይበተን ቃሉ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ በቴሌግራም ኮምቦልቻና ወልድያ ገብቶ አቦሉ ሳይቀዳ ይሳቅበታል። በሹም መሳቅ ክፉ ነው አንልም፤ ይልመድብን። የከነከነን ሌላ ነው። ጋዜጣችሁ ያንን ቅንጫቢ ከስልክ አንስቶ በትእምርተ ጥቅስ ሲያትመው፣ ወሬው ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። ሥራችን የድምፅና የምስል አርትዖት ነውና ቅንጫቢ የት የት ላይ እንደሚያታልል ብንጽፍላችሁ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ዋናው ጣጣ ያለው ቋንቋችን ውስጥ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስራል፤ «አለ»፣ «ይላሉ»፣ «ስሕተት ነው» የሚመጡት ነገሩ ሁሉ ተነግሮ ካለቀ በኋላ ነው። ለምሳሌ ያህል እኛው የፈጠርነውን ንግግር እዩት፦ «ገበሬው ማዳበሪያ ቢሰጠውም አይጠቀምበትም፣ ሰነፍ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህ ነውር ነው።» ከ«ሰነፍ ነው» ቀጥሎ ያለችውን ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ቁረጡ። ገበሬውን ለመከላከል የቆመው ሹም ተሳዳቢ ሆኖ አረፈው። የተጨመረ ቃል የለም፣ ድምፁም የራሱ ነው፤ «ተቀነባብሮብኝ ነው» ብሎ ቢምል ማን ያምነዋል? እንግሊዝኛ «እገሌ እንዲህ ይላል» የሚለውን ብዙ ጊዜ ከፊት ስለሚያስቀድም ጅራቱ ቢቆረጥም ተናጋሪው አይጠፋም። እኛ ዘንድ ግን ጅራቱ ነው ራሱ።

ከሥር የሚለጠፈው ጽሑፍም ሌላ ወጥመድ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ሌባው ይመታል» ሲባል ሌባው መቺ ይሁን ተመቺ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል፣ ዓይን ግን አይለየውም። ባጃጅ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ የሚያይ ሰው የሚፈርደው በጽሑፉ ነው። ጽሑፉን የጻፈው ደግሞ ቆራጩ ነው። ንግግሩ ከሚሴ ላይ በኦሮምኛ የተደረገ ከሆነ ትርጉሙም የእሱው ነው።

ማይክሮፎን ሲያታልል ደግሞ ሰው ልብ አይለውም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ይወዳደር የነበረው አሜሪካዊው ሀዋርድ ዲን በአይዋ ግዛት የዕጩዎች ምርጫ ሦስተኛ ከወጣ በኋላ ደጋፊዎቹን ለማበርታት ጮኸ። አዳራሹ በሁካታ ስለተሞላ በቦታው ለነበሩት ጩኸቱ እምብዛም አልጎላም። የያዘው ማይክሮፎን ግን የአፉን ድምፅ ለይቶ የሕዝቡን ሁካታ አስቀርቶ ስለላከው፣ በቴሌቪዥን ያየው ሕዝብ ብቻውን የሚጮህ ሰው አየ። ቅጂው በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ተደጋገመ፤ ያኔ ዩቲዩብ እንኳ ገና አልተፈጠረም። በእኛም አዳራሾች ቀረጻው ከድምፅ ማደባለቂያው (ከሚክሰር) በቀጥታ ሲወሰድ ከመሐል ተነሥቶ የተሳደበው ሰው አይሰማም፤ የሚሰማው የሹሙ ቁጡ መልስ ብቻ ነው። ወሎ ሽሙጥ ይወዳል፤ ሽሙጥ ደግሞ ያለ ሳቅ አይታወቅም። የሕዝቡ ሳቅ ካልተቀዳና ምስሉ ለስልክ ሲባል ተቆርጦ ፊቱ ካልታየ፣ ቀልዱ የምር ንግግር ይሆናል። መላው ቀላል ነው፦ አንድ ማይክሮፎን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ለብቻው በሌላ የድምፅ መስመር መቅዳት። ለሹሞችም አንድ ነገር፦ ደረት ላይ የሚሰካውን ማይክሮፎን መኪና ከመግባታችሁ በፊት አውልቁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን አንዲትን መራጭ ሲያጥላሉ የተሰሙት ይህን ስለረሱ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ሹሞችን ነጻ ለማውጣት አይደለም። «ከዐውዱ ውጪ ተወስዶብኝ» የምትለዋ ማምለጫም ሰልችታናለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ምርጫ ሁለቱም ወገን ተይዞ ነበር። ፕሬዚዳንት ኦባማ «ያንን የሠራችሁት እናንተ አይደላችሁም» ሲሉ ነጋዴውን የናቁ መሰለ፤ ከፊቱ ያለው ዐረፍተ ነገር ሲሰማ ግን ነገሩ ስለ መንገድና ድልድይ ነበር። ተቀናቃኛቸው ሚት ሮምኒ በዝግ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ 47 በመቶው ሕዝብ የመንግሥት ጥገኛ ነው ሲሉ በድብቅ ተቀዱ፤ ረጅሙ ቅጂ ሲወጣም ትርጉሙ ያው ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው የተቆረጠ ነገር ነው፣ ሁለተኛው የልብ ነገር ነው። ሁለቱን የሚለየው ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ደቂቃ ማዳመጥ ነው።

ቅንጫቢው የሚሮጥበትም ምክንያት አለው። እነዚህ መድረኮች ቪዲዮው እስከ መጨረሻው ታየ ወይ፣ ተደገመ ወይ፣ አስተያየት ተሰጠበት ወይ እያሉ ይመዝናሉ። 12 ሰከንድ ማንም ይጨርሰዋል፤ የ40 ደቂቃ ንግግር የሚጨርስ ግን የተናጋሪው ሚስትም ላትሆን ትችላለች። ለመከላከል የጻፈውም ለመሳደብ የጻፈውም እኩል ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ቅንጫቢውን ለጥፎ «ሐሰት ነው» ማለት ያንኑ ማሰራጨት ነው። ከዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል አንዱ መንገድ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ማሟላት ነው፤ 12 ሰከንዱን «ሰበር» ብሎ ወደ 10 ደቂቃ የሚለጥጠው ቻናል ይህን ሰዓት እየቆጠረ ነው።

እንግዲህ ቅንጫቢ እጃችሁ ሲገባ በ0.25 ፍጥነት እዩት። የተናጋሪው እጅ ወይም ከኋላው ያለው መጋረጃ በድንገት ከዘለለ መሐሉ ተቆርጧል። ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ የክፍሉን እምምታ፣ ማንም ሳይናገር የሚሰማውን ድምፅ ስሙ፤ በቃላት መካከል ድንገት ከተቀየረ ወይም ከጠፋ ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ንግግሩ ከተጎተተ የሰውየውን ሌላ ቪዲዮ አምጥታችሁ አስተያዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩትን ናንሲ ፔሎሲን የሰከሩ ያስመሰለው ቪዲዮ ዋና ጥበቡ ወደ 75 በመቶ ፍጥነት መጎተቱ ነበር። አንዱን ምስል ቀድታችሁ በጉግል ሌንስ (ምስል መፈለጊያ) ፈልጉት፣ የዓምናው ስብሰባ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። ከቴሌግራም ብቻ የመጣ ከሆነ ብዙ እጅ አልፎ ስለሚደበዝዝ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ከድምፁ ጋር ማመሳከር ያስቸግራል፤ የመጀመሪያውን ለጣፊ ፈልጉ። ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሐሰት መረጃን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ወይም በኅትመት ለሚያሰራጭ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ አስቀምጧል፤ ጋዜጣም እዚያው ውስጥ ነው።

ሙሉውን ቅጂ ከኮሙዩኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ። ካልተገኘ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ አታስገቡት፤ «በ12 ሰከንድ ቪዲዮ ሲናገሩ ታይተዋል፤ ሙሉውን ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጠይቀን እስከ ኅትመት ድረስ አልደረሰንም» ብላችሁ ጻፉ። ሰዓቱን አትተዉት፤ ጽሕፈት ቤቱ በማግስቱ ቅጂውን ይዞ የሚመጣው ሰዓቱን ሲያነብ ነው።

የድምፅና የምስል አርታኢዎች
ከደሴ