ለልጄ፦ የ2026 የቴኒስ ግምቴ ይኸውልህ

ለንደን፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህም እህትህም ሰላም ብለውሃል። ለገና ትመጣለህ ብዬ ዶሮውን ካሁኑ አስቤዋለሁ። ፈተና አለብኝ ካልክ አልቆጣም፣ ብቻ ቀደም ብለህ ንገረኝ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። «ማሚ፣ ድሬፐር በ2026 ዊምብልደንን ይበላል፣ ጻፊው» ብለህ የላክልኝ መልእክት ደርሶኛል። ጽፌዋለሁ። የኔን ግምት ግን በወረቀት ነው የምልክልህ። አንተ በስልክ ያልከው ነገር ስታሸንፍ ይገኛል፣ ስትሸነፍ ይጠፋል። አባትህ «ልጁን እንደመምከር ስለ ኳስ ትጽፊለታለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ምክሩ በየእሁዱ በስልክ ይደርስሃል፣ እሱ ይበቃሃል።

ጃክ ድሬፐርን፣ ይህን እንግሊዛዊ ቴኒስ ተጫዋች፣ እንደምወደው ታውቃለህ። በ2024ቱ የዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ከያኒክ ሲነር ጋር ሲጫወት ሜዳው ላይ ሲያስመልሰው አየሁት። እኔ ብሆን ያኔውኑ እጁን ይዤ ወደ ቤት ነበር። እሱ አፉን ጠርጎ ቀጠለ። በሦስት «ሴት» (የጨዋታው ምዕራፍ ማለት ነው) ተሸነፈ፣ ግን እስከ መጨረሻው ኳስ ተጫወተ። በማርች 2025 ደግሞ ኢንዲያን ዌልስ ላይ በግማሽ ፍጻሜ ካርሎስ አልካራዝን ጣለ። በፍጻሜው ሆልገር ሩነን 6-2፣ 6-2 አድርጎ የመጀመሪያውን የማስተርስ 1000 ዋንጫ፣ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ቀጥሎ ያለውን፣ ወሰደ። ማድሪድ ላይም ለፍጻሜ ደርሶ በካስፐር ሩድ ተሸነፈ። በጁን ከዓለም 4ኛ ሆነ። ገና 23 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውንም አብረን አይተነዋል። ዊምብልደን ላይ በሁለተኛው ዙር በማሪን ቺሊች ተሸነፈ። የግራ ክንዱ አጥንት ተጎዳ። ዩኤስ ኦፕን ላይ አንድ ጨዋታ አሸንፎ ከሁለተኛው በፊት ራሱን አገለለ፣ የዓመቱ ቀሪም በዚያው አለቀ። ልጁ ግራኝ ነው። የተጎዳው እንጀራው ያለበት ክንድ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ከአውስትራሊያ ኦፕንም መቅረቱን ተናገረ።

አንተ «አርፎ ይመጣል፣ ትኩስ ሆኖ ይመጣል» ትላለህ። እስቲ ነጥቡን አብረን እንቁጠር። ይህን ያስተማርከኝ አንተው ነህ፤ አንድ ነጥብ 52 ሳምንት ይኖራል፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ውድድር ካልተተካ ይወድቃል። ድሬፐር 2025ን በ10ኛነት ነው የጨረሰው። ግን ነጥቡን መቼ እንደሰበሰበው ተመልከት። አውስትራሊያ ላይ አራተኛ ዙር ደርሶ 200። ዶሃ ላይ ለፍጻሜ ደርሶ 330። ኢንዲያን ዌልስ 1000። ማድሪድ 650። እነዚህ አራቱ ብቻ 2180 ናቸው። ሁሉም ከጃንዋሪ እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ ይወድቃሉ። የአውስትራሊያው ሳይጫወት ይሄዳል። ኢንዲያን ዌልስን በመጋቢት ደግሞ እንዲያሸንፍ የምትጠብቅ ከሆነ፣ ለወራት ውድድር ካልነካ ሰው ብዙ እየጠየቅህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ግምቴ ይህ ነው። በሜይ መጨረሻ ድሬፐር በደረጃ ከመጀመሪያዎቹ 20 ውጭ ይሆናል፣ ምናልባትም በጣም ውጭ። ጋዜጦቹ ያን ጊዜ «የድሬፐር ነገር አበቃለት» ብለው ይጽፋሉ። አትመናቸው። ከጁን በኋላ የሚከላከለው ነጥብ የለውም ማለት ይቻላል። የዊምብልደኑ 50 እና የዩኤስ ኦፕኑ 50 ነጥብ ብቻ ነው፣ ሌላው ባዶ ሜዳ ነው። ያሸነፈው ሁሉ ትርፍ ይሆንለታል። ክንዱ ከፈቀደለት በኖቬምበር 15ኛ አካባቢ አየዋለሁ። ዊምብልደንን ግን አይበላም። ደረጃው ስለሚወርድ ከጠንካሮቹ ጋር ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሊገናኝ ይችላል። አራተኛ ዙር ከደረሰ ከወንበሬ ተነስቼ አጨበጭባለሁ።

አንድ የወደድኩለት ነገር አለ። ለዓመታት ከቀድሞው የዊምብልደን አሸናፊ ከአንዲ መሬይ ጋር የሠራውን ጄሚ ዴልጋዶን አሰልጣኙ አድርጓል። ዴልጋዶ የታመመ ሰውነት ምን እንደሆነ በመሬይ ዳሌ አይቷል፣ ይህን ልጅ አያጣድፈውም ብዬ አስባለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በጥር ከሚሮጥ በግንቦት ቢጀምር እመርጥለታለሁ።

አሁን ወደ ሰውዬዬ ልምጣ። ሌላውን እንግሊዛዊ፣ ካሜሮን ኖሪን፣ «አሰልቺ» ትለዋለህ። አሰልቺስ አንተ ነህ። ይህ ሰው በ2022 ዊምብልደን ላይ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ፣ በዚያው ዓመት ከዓለም 8ኛ የሆነ ነው። ከዚያ ክንዱን ታመመ፣ ደረጃው ተንሸራተተ፣ በ2025 የጸደይ ወራት 80 አካባቢ ነበር። ሁሉም ረሳው። እሱ ግን ፓሪስ ላይ፣ ሮላን ጋሮስ፣ በመጀመሪያው ዙር ሜድቬዴቭን በአምስት ሴት አሸንፎ እስከ አራተኛ ዙር ሄደ። ዊምብልደን ላይ ሩብ ፍጻሜ ገባ። በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ ፓሪስ ማስተርስ ላይ የዓለም 1ኛውን አልካራዝን የመጀመሪያውን ሴት ተሸንፎ ከኋላ ተነስቶ አሸነፈው። 30 ዓመት ሞልቶት ነው ይህን ያደረገው።

ኖሪ የሚያሸንፈው ባለመድከም ነው። እሱም ግራኝ ስለሆነ በቀኙ በኩል ስትመታበት ያ ጠፍጣፋ ባክሃንዱ (በእጁ ጀርባ በኩል የሚመታው ምት) ዝቅ ብሎ ይመጣል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ እያነሳ ወገቡ ያልቃል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ እሱ ገና እንደጀመረ ሰው ይንጎራደዳል። የሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው ይህን አጨዋወት ይረዳዋል። በ2026 መጨረሻ ከ30ዎቹ ውስጥ ይሆናል ብዬ እጽፋለሁ። ስጋቴ አንድ ብቻ ነው። በዊምብልደን ሩብ ፍጻሜ ያገኘው 400 ነጥብ አለ። ዕጣው ክፉ ከወጣበት በጁላይ ዝቅ ይላል፣ ግን በመኸሩ ሜዳ ይመልሰዋል። እስከ ሜይ ድረስ ከእንግሊዞቹ የመጀመሪያው የሚሆነውም እሱ ነው። አስምርበት።

ጄኮብ ፈርንሊን በተመለከተ ብዙ አልልም። ስኮትላንዳዊው ልጅ በ2025 መጀመሪያ አውስትራሊያ ላይ ኒክ ኪርዮስን አሸንፎ ሦስተኛ ዙር ደረሰ፣ በጁን 50ዎቹ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ። ሁለተኛ ዓመት ከባድ ነው፤ ተጋጣሚዎቹ ቪዲዮውን አይተዋል፣ የት እንደሚከብደው ያውቃሉ። መጀመሪያ ይንገዳገዳል፣ ከ100 ውጭም ሊወጣ ይችላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ዳን ኤቫንስ 35 ሆኗል። በ2024 ዩኤስ ኦፕን ላይ ካቻኖቭን በ5 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ሲያሸንፍ አብረን ነበር ያየነው። በውድድሩ ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ ነው። ከዚህ በላይ ምን እንጠይቀዋለን?

ከትልልቆቹ ይልቅ አሁን የሚገርሙኝ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡት ናቸው። ኖሪም፣ ፈርንሊም፣ ጃክ ፒኒንግተን ጆንስም ቴክሳስ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተጫወቱት፣ ቲሲዩ (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ)። አርተር ፌሪ ስታንፎርድ ነበር። ፌሪ በ2025 ዊምብልደን 20ኛ ሆኖ የተመደበውን ፖፒሪንን በመጀመሪያው ዙር አሰናበተው። በ2026 100ዎቹን የሚያንኳኳ አዲስ ስም ካለ እሱ ነው እላለሁ። ሳሩ ላይ ቀልጣፋ ነው፣ አያርፍም።

ኦሊቨር ታርቬትን ታስታውሰዋለህ? በደረጃ 733ኛ ሆኖ፣ የሳንዲያጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማጣሪያውን አልፎ ዊምብልደን ገባ። አንድ ጨዋታ አሸነፈ። ሁለተኛውን ሴንተር ኮርት ላይ ከአልካራዝ ጋር ተጫወተ። ሽልማቱ 99,000 ፓውንድ ነበር። ግን የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ሕግ ተማሪ ከወጪው በላይ በዓመት ከ10,000 ዶላር የበለጠ እንዲወስድ ያን ጊዜ ስላልፈቀደ ሙሉውን መውሰድ አልቻለም። አባትህ ይህን ሲሰማ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። «ትምህርቱን ያቋርጥ!» አለ። አባትህ ነው እንግዲህ ይህን ያለው፣ አንተ አንድ ሌክቸር ስትቀር የሚደውለው ሰውዬ።

የወላጅ ነገር ካነሳን አይቀር፣ የፌሪ አባት ሎሪያን የሚባለው የፈረንሳይ እግር ኳስ ክለብ ባለቤት ሆኖ ለዓመታት የቆየ ሰው ነው። የቢሊ ሃሪስ አባት ደግሞ ለልጁ የሰጠው ቫን ነበር። ሃሪስ የማን ደሴት ልጅ ነው። በዚያች ቫን ውስጥ እየተኛ አውሮፓን ዞሮ ትንንሽ ውድድሮችን ተጫወተ፣ 100ዎቹ ደፍ ላይ ደረሰ። ለሁለቱም ሳሩ አንድ ነው። እኛ ለአንተ የባቡር ካርድ ሰጥተንሃል፣ ቅር እንዳይልህ።

የትውልዳቸውንም ነገር ልብ ብለሃል? ኖሪ የተወለደው ጆሃንስበርግ፣ ያደገው ኒውዚላንድ ነው። ፌሪ ፈረንሳይ ተወለደ። ያን ቾይንስኪ ጀርመን፣ ኮብሌንዝ። ሲያሸንፉ ሁሉም «የኛ ልጅ» ናቸው። ሲሸነፉ አንዳንድ ሰው የት እንደተወለዱ ያስታውሳል። ይህን ያልኩህ ለጨዋታ ነው፣ እዚያ ያሉ ጓደኞችህ ጋር ክርክር እንዳትጀምር።

አሁን አንተ የማትነካውን ልንገርህ፣ ጥንዶቹን፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱትን። የእንግሊዝ ወንዶች ቴኒስ በ2026 ዋንጫ የሚያነሳው እዚህ ነው። በ2025 ጁሊያን ካሽና ሎይድ ግላስፑል ዊምብልደንን አሸነፉ። ሁለቱም እንግሊዛዊ የሆኑ ጥንድ ይህን ሲያደርጉ ከ1936 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ዓመቱንም በ1ኛነት ጨረሱ። ሄንሪ ፓተን ከፊንላንዳዊው ሃሪ ሄሊዮቫራ ጋር የ2024ን ዊምብልደን፣ የ2025ን አውስትራሊያ ኦፕን ወስዷል። በኖቬምበር ቱሪን ላይ የዓመቱ ማጠቃለያ ፍጻሜ ሲደረግም ፓተንና ሄሊዮቫራ ያሸነፉት ሌሎች ሁለት እንግሊዞችን፣ ጆ ሳልዝበሪንና ኒል ስኩፕስኪን ነው። ፓተን በተማሪነቱ ዊምብልደን ላይ የጨዋታ መረጃ የሚመዘግብ ሠራተኛ ነበር፣ ታውቃለህ? ሌላው ሲመታ እሱ ቁጥር ሲጽፍ ነበር።

በሥራዬ ቦታ የምንከባከባቸው አንዲት እናት አሉ። የተወለዱት በዚያው በ1936 ነው፣ ፍሬድ ፔሪ ለመጨረሻ ጊዜ ዊምብልደንን ባሸነፈበት ዓመት። መሬይ በ2013 ሲያሸንፍ 77 ዓመት ጠብቀው ነበር ያዩት። የካሽና የግላስፑልን ፍጻሜ አብሬያቸው አየሁ። «ስለ ነጠላው አትጨነቂ፣ ነጠላው ሁልጊዜ ያሳዝናል» አሉኝ። እሳቸውን ሰምቼ ነው ጥንዶቹ ላይ የምወራረደው። ግምቴ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች (ከግራንድ ስላሞቹ) ቢያንስ በአንዱ የእንግሊዝ ሰው የወንዶች ጥንድ ዋንጫ ያነሳል። በነጠላ ግን አንድም እንግሊዛዊ ለፍጻሜ አይደርስም። አልካራዝና ሲነር እንዲህ እየተጫወቱ ሦስተኛ ሰው የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው።

ጠቅላላ የማስበው ይህ ነው። እስከ ሜይ ድረስ «የእንግሊዝ ቴኒስ ሞተ» የሚል ወሬ ትሰማለህ። ድሬፐር ወደ ታች፣ ፈርንሊ ወደ ታች፣ ኖሪ ብቻውን። ያን ጊዜ መልእክት ላክልኝና «ማሚ ልክ ነሽ» በል። ከዚያ ከጁን በኋላ ቁጥሩ ይገለበጣል።

ውርርዳችን በዊምብልደን ይዘጋል። ድሬፐር ከበላ እኔ ለ2027 ሌሊት ተነስቼ ተሰልፌ ለሁለታችን ትኬት እይዛለሁ። ካልበላ አንተ ትሰለፋለህ፣ ቴርሞሱን ሞልቼ እሰጥሃለሁ። ዝናብ ቢኖርም ትሰለፋለህ።

የአውስትራሊያው ውድድር የሚጀምረው ጃንዋሪ 18፣ ልክ የከተራ ዕለት ነው። ያን ሌሊት ፈረቃ አለብኝ፣ ሜልበርን ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚጀምር በእረፍቴ አያለሁ። ግምትህን ከዚያ በፊት ላክልኝ። በወረቀት ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ሰው የዓመት መጨረሻ ደረጃ በቁጥር ጻፍ። ኖሪ ላይ «ጥሩ ይሆናል» ብለህ ብትልክ አልቀበልም። ጃኬትህንም እዚህ ረስተሃል፣ በሰው እልክልሃለሁ።

እናትህ