የፎቶግራፍ ክበብ፦ ሁለት ሌንሶችና አንድ ባሕር ዛፍ

ክበባችን በ2016 ዓ.ም. የሰንደቅ ዓላማ ቀንንና የወላጆች ቀንን አንሥቷል፤ የተመራቂዎችንም ፎቶ አዘጋጅቷል። እኔ ግን እዚህ መጻፍ የምፈልገው ከየካቲት እስከ ግንቦት እንቅልፍ ስለነሣን አንድ ጥያቄ ነው፦ ብዙ ብርሃን የሚያስገቡ ሁለት ሌንሶች ለአንድ ሰው ፊት ለምን የተለያየ መልክ ይሰጡታል?

ጥያቄውን ያመጣችው የ10ኛ ክፍል አባላችን ናት። አያቷ በሶቪየት ኅብረት ሲማሩ የገዙትን ዜኒት ካሜራ ከነሌንሱ ይዛ መጣች። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው፤ የትኩረት ርቀቱ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2፣ አሠራሩ ከጀርመኑ የዛይስ ባዮታር ሌንስ የተወሰደ። ኤፍ የሚባለው ቁጥር የትኩረት ርቀቱ ለብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። በማገናኛ ቀለበት ከክበቡ ዲጂታል ካሜራ ጋር ገጠምነውና ከካነን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጋር አወዳደርነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከንቱ ቀረ። ካሜራውን ሳናንቀሳቅስ ሌንስ ብቻ ስለቀያየርን በሄሊዮስ ፊቱ ጎልቶ ወጣ፤ ልጆቹም በዚያው ፈረዱ። በሳምንቱ ፊቱ እኩል እስኪሆን ወደ ኋላ እያፈገፈግን አነሣን። ሰሌዳ ላይም አሰላነው፦ 58 ለ2 ሲካፈል 29፣ 50 ለ1.8 ሲካፈል 28 ገደማ። የብርሃን መግቢያቸው ስፋት ከተቀራረበ፣ ራቅ ያለው ጀርባ የሚደበዝዝበት መጠንም ይቀራረባል። ልዩነቱ እንግዲህ ከመጠኑ ሳይሆን ከመልኩ ነው።

መልኩን ያሳየን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ተማሪዋን ከፊቱ አስቀመጥናት። በቅጠሎቹ መካከል የሚሾልከው ሰማይ በሄሊዮስ መሃል ላይ ክብ፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ግን የዓይን ቅርጽ እየያዘ ፊቷን ይዞራል። ከጎን የሚገባው ብርሃን በሌንሱ ጠርዝ ስለሚሸረፍ ነው። በካነኑ ይህ ሽክርክሪት እምብዛም አይታይም። ካነኑም የራሱ ጠባይ አለው፤ ቀዳዳውን የሚያጠቡት ስስ ብረቶች አምስት ብቻ ስለሆኑ፣ በወላጆች ቀን ምሽት በኤፍ 2.8 ያነሣናቸው የመድረክ አምፖሎች ባለ አምስት ማዕዘን ሆነው ወጡ።

ፎከሱ ትዕግሥት ጠይቋል። በኤፍ 1.8 ከአንድ ሜትር ርቀት ጥርት የሚለው ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ልጅቷ በተነፈሰች ቁጥር ጥራቱ ከዓይኗ ወደ ጆሮዋ ይሸሻል።

በመጨረሻ ሁለቱንም በኤፍ 8 አንሥተን ስማቸውን ሳንጽፍ ግድግዳ ላይ ለጠፍናቸው። ከአባላቱ አንድም ሰው በእርግጠኝነት አልለየም። ጠባያቸው የሚገለጠው ቀዳዳው ሰፋ ሲል ነው።

አንድ ነገር ይቆጨኛል። የካሜራችን ሴንሰር፣ ማለትም በፊልም ፈንታ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ከፊልም ስለሚያንስ የጠርዙ ሽክርክሪት በከፊል ተቆርጦብናል። በ2017 ሄሊዮስን ወደ ዜኒቱ መልሰን በፊልም ልናነሣበት አስበናል። ቤታችሁ ያልተነሣበት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያላችሁ ወላጆች፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን።