«የቱ ጋ ነው የደበረህ?»፦ የኮሚክስና የፊልም ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን ልጆች ዘንድሮ ብዙ ተጨቃጭቀዋል። እኔም በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል። ረቡዕ ረቡዕ፣ የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል እንሰበሰባለን። ወንበር ስለማይበቃ ዘጠነኛ ክፍሎቹ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ይደረደራሉ። ጭቅጭቁ በር ላይ አያበቃም፤ አራት ኪሎ ታክሲ እስኪያዝ ድረስ ይቀጥላል። የሚያጨቃጭቃቸው የሱፐርሂሮዎች፣ ማለትም በኮሚክስ (በተከታታይ ሥዕል በሚተረክ ታሪክ) ውስጥ ያሉ ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች፣ ልብስና መልክ መቀየሩ ነው፤ ደግሞም ስንት ተወርቶላቸው ሲወጡ የደበሩ የአክሽን ፊልሞች።

አንዳንድ ወላጆች «ይሄ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ዓመቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ክበቡ አንድ ሕግ አለው። «ደበረኝ» ማለት ይፈቀዳል። ግን ቃሉ ከአፍ እንደወጣ ክፍሉ በሙሉ «የቱ ጋ?» ይላል። የቱ ጋ እንደደበረው መናገር ያልቻለ ልጅ ሥዕሉን ወይም ፊልሙን ደግሞ አይቶ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። በጥቅምት ይህ ሕግ ብዙዎቹን ያናድዳቸው ነበር። ከገና በኋላ እኔ እንኳ «ይህ መጽሐፍ አልተመቸኝም» ስል «የቱ ጋ፣ ቲቸር?» የሚሉኝ እነሱ ሆኑ።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በታኅሣሥ ነው። የአዲሱ ሱፐርማን ፊልም ትሬይለር ወጣ። ሰውየው ቀዩን ፓንት ከሱሪው በላይ ለብሶ ተመልሷል። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ታሪኩ እንዲህ ነው። (የውጭ ሥራዎችን ዓመት ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ሱፐርማን መጀመሪያ የታተመው በ1938 ነው። የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። በዚያ ዘመን የሰርከስ ጉልበተኞችና ትግል ተጫዋቾች ከጠባብ ሱሪ ላይ አጭር ቁምጣ ይደርቡ ነበር። የሱፐርማንም ልብስ እነሱን ይመስላል። በ2011 አሳታሚው ዲሲ ገጸ ባሕርያቱን እንደ አዲስ ሲጀምር ፓንቱን አወለቀው። በ2013 የወጣው ፊልምም ያለ ፓንት አሳየው። በ2018፣ ሱፐርማን የተወለደበት መጽሔት 1000ኛ እትሙን ሲያወጣ፣ ፓንቱ ወደ ኮሚክሱ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ወደ ፊልሙ።

አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ክርክሩን ከፈተ። «ቲቸር፣ በዚህ ዘመን ፓንት ከላይ? በቃ ፋራ ነው!» ክፍሉ አጨበጨበለት። ከዚያ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ ሥዕሉን በስልኳ ላይ ከፈተች። ቀዩን በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። «አሁን እዩት። ከደረቱ እስከ ቦት ጫማው ሰማያዊ ብቻ ነው። ዓይናችሁ የት ያርፋል?» ጣቷን አነሣች። «አሁንስ?» ካባው ቀይ ነው፤ ጫማው ቀይ ነው፤ ወገቡ ላይ ያለው ቀይ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ሰውነቱን ለሁለት ከፍሎ የእግሩን እንቅስቃሴ ከሩቅ ያሳያል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ አይታ ነው የደረሰችበት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሁሉም ሥዕሉን በስስ ወረቀት ገልብጠው፣ አንዱን ከነፓንቱ፣ ሌላውን ያለ ፓንት ቀለም ቀቡት። የፊልሙ ዳይሬክተር ጄምስ ጋን የተናገረውንም ነገርኳቸው። እሱም ስለ ፓንቱ አመንትቶ ነበር። ያሳመነው ተዋናዩ ዴቪድ ኮረንስዌት ነው። ምክንያቱ ደስ ይላል፦ ይህ ከሌላ ፕላኔት የመጣ፣ ኃይሉ የሚያስፈራ ፍጡር ነው፤ ልጆች እንዳይፈሩት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ደመቅ ያለ፣ የሚያጫውት ልብስ ይለብሳል። እኔ በዚህ ክርክር ከፓንቱ ጎን ነኝ፤ ለልጆቹም አልደበቅኳቸውም። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ግን አልተረታም። ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ የራሱን ሱፐርማን ሥሎ መጣ፦ በፓንቱ ፈንታ ወገቡ ላይ ሰፊ ቀይ መቀነት ጠምጥሞለታል፤ ጫፉ እንደ ካባው በነፋስ ይወዛወዛል። ልጅቷ ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ «ይሄ ይሠራል» አለችው። ከዚህ የበለጠ ሽልማት የሚያገኝ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ «ልብሱ ለምን ተቀየረ?» የሚለው የክበቡ የቤት ሥራ ሆነ። መልሱ ሁልጊዜ የጥበብ ብቻ አይደለም። ሃልክ የሚባለው ግዙፍ ጉልበተኛ በ1962 የመጀመሪያው እትም ላይ ግራጫ ነበር። የያኔው ማተሚያ ግራጫውን አስተካክሎ ማውጣት አልቻለም፤ ከገጽ ገጽ ቀለሙ ይለያያል። በሁለተኛው እትም አረንጓዴ አደረጉት፤ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ልጆቹን ግን ከሁሉ በላይ ያነቃቃቸው የስፓይደርማን ጥቁር ልብስ ታሪክ ነው። በ1982 አንድ ተራ አንባቢ ሐሳቡን ለአሳታሚው ለማርቬል ላከ። ማርቬል በ220 ዶላር ገዛው። ልብሱ በ1984 ወጣ። ገና ወሬው ሲሰማ የተቆጡ አንባቢዎች ነበሩ። ከዚያው ልብስ ግን በ1988 ቬኖም የሚባለው ዝነኛ ጠላት ተወለደ። «እንደኛ ያለ አንባቢ?» አለኝ አንዱ ዘጠነኛ ክፍል። አዎ፣ እንደ እናንተ ያለ አንባቢ። በዚያ ሳምንት የሥዕል ደብተር ያልገዛ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የፊልሙ ነገር ይበልጥ ከባድ ነበር። ሥዕልን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት ይቻላል፤ ፊልም ግን ይሮጣል። ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ ፊልሙን ያወቁት በቴሌግራም በሚዞረው ትርጉም ፊልም ነው። ተራኪው አሰልቺውን ክፍል በቀልድ ይሞላዋል፤ አንዳንዱን ይዘለዋል። ስለዚህ የደበረው ፊልሙ ይሁን ተራኪው ለመለየት፣ የምንከራከርበትን ትዕይንት ኦሪጅናሉን አብረን ማየት እንዳለብን ተስማማን።

በየካቲት ያደረግነውን ሙከራ ለሌሎች ክበባትም እመክራለሁ። አንዲት ልጅ ስለ አንድ የቅርብ ጊዜ የሱፐርሂሮ ፊልም ስትናገር «ድብድቡ ደበረኝ» አለች። «የቱ ጋ?» አልናት። «ማን ማንን እንደመታ አላየሁም» አለች። ትዕይንቱን በፕሮጀክተር ከፈትነው። ካሜራው በተቀየረ ቁጥር ሁላችንም ጠረጴዛ እንድንመታ ተነጋገርን። ጠረጴዛው እንደ ሠርግ ከበሮ ተንጣጣ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ምን ሆናችሁ ብለው መጡ። ቀጥለን የጃኪ ቻንን አንድ የቆየ የሆንግ ኮንግ ድብድብ ከፈትን። መምታታችን ቀነሰ። ካሜራው ራቅ ብሎ ይቆማል። እጅና እግሩ በሙሉ ይታያል። ቡጢው ተሰንዝሮ እስኪያርፍ በአንድ ቀረጻ እናየዋለን። ጃኪ ቻን በዚያ ዘመን አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ለመቅረጽ ጊዜ ነበረው፤ የሚመታውም የሚወድቀውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው። ተዋናዩ መደባደብ የማይችል ከሆነ ወይም ጊዜ ከጠበበ ግን ቀረጻውን በመቆራረጥ ይሸፈናል። የደበረን ነገር ስም አገኘ። ኃላፊዋም ወንበር ስበው እስከ መጨረሻው አብረውን አዩ፤ ለዚህም ለፕሮጀክተሩም አመሰግናቸዋለሁ።

ኮምፒውተር የሠራውን ልብስም አይተናል። በ2011 በወጣው ግሪን ላንተርን ፊልም ላይ ልብሱ በሙሉ በኮምፒውተር የተሣለ ነው። ልጆቹ «አንገቱ ጋ!» ብለው ወዲያው ያዙት፤ ጭንቅላቱ ልብሱ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በ2017 ጀስቲስ ሊግ ላይ ደግሞ የሱፐርማን የላይኛ ከንፈር ነገር አለ። ፊልሙ እንደገና ሲቀረጽ ተዋናዩ ሄንሪ ካቪል ለሌላ ፊልም ጢም አሳድጎ ነበር፤ መላጨትም አልተፈቀደለትም። ጢሙን በኮምፒውተር አጠፉለት። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው አንዱ እንዲህ አለ፦ «ይሄን የሠራው ሰው ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ጊዜ አልሰጡትም።» አንድ አድናቂ ከንዴት ወደዚህ ሲደርስ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ይቀራል።

ስለ ብላክ ፓንተር ግን አልተስማማንም፤ እስካሁንም አልተስማማንም። ገጸ ባሕርዩ ዋካንዳ የምትባል፣ በምናብ የተፈጠረች የአፍሪካ አገር ንጉሥ ነው። በኮሚክስ የታየው በ1966 ነው፤ ፊልሙ በ2018 ወጣ። የልብስ ዲዛይነሯ ሩት ካርተር በ2019 ኦስካር ወሰደች፤ በዚህ ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ልብሶቹ ከብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች የተወሰዱ ናቸው። የአንዱ ሽማግሌ ከንፈር ላይ ያለው ክብ ሳህን መሳይ ጌጥ ከኛው ሙርሲና ሱርማ የመጣ ነው። ግማሾቹ ኮሩ። ሌሎቹ «የሰው ባህል አንሥቶ ለሌለ አገር መስጠት ትክክል ነው ወይ?» አሉ። እኔ ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ጥያቄውም ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እንመለስበታለን።

ከዚህ ክርክር የተነሣ ነው በመጋቢት በእግራችን የወጣነው። መጀመሪያ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። ልጆቹን ከጥንቶቹ ሥዕሎች ፊት አቁሜ ዓይኖቹን እንዲቆጥሩ ነገርኳቸው። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ያዩናል፤ ሁለት ዓይን አላቸው። ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ከዚያ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያም ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል። የስጦታ ዕቃ ሱቆቹ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚናገረውን ሥዕል ይሰቅላሉ፤ ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ምኒልክ፣ በ44 ትናንሽ ሣጥኖች። ከእያንዳንዱ ሣጥን ሥር ጽሑፍ አለ። ሣጥኖቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ በየረድፉ እያነበብን ሄድን። «ኮሚክስ ነው እኮ!» አለች የፓንቷ ተሟጋች። ባለሱቁ እየሣቀ አስገባን፤ ጥያቄያቸውንም ሁሉ በትዕግሥት መለሰ።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ የዓመቱን ዋና ሥራ ሰጠኋቸው፦ የራሳችሁን ጀግናና ጠላት በሣጥን ሥዕል ሥሩ፤ የክፉና የደጉን ዓይን ግን እንደ አባቶች ሥዕል አድርጉት። ብዙ ጥሩ ሥራ መጣ። ከሁሉም ውስጤ የቀረው የአንድ ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። ጠላቱ በመጀመሪያው ሣጥን በጎን ነው፤ አንድ ዓይን። ታሪኩ በገፋ ቁጥር ፊቱ ትንሽ ትንሽ ይዞራል። አንዲት አሮጊት ዳቦ ስትሰጠው የአፍንጫው ወዲያኛው ጎን ይታያል። በመጨረሻው ሣጥን ሁለቱም ዓይኖች እኛን ያዩናል። አንድም ቃል አልጻፈበትም። የሰው ልብ መለወጡን ያሳየን በፊት አቀማመጥ ብቻ ነው። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ነው ብዬ በልበ ሙሉነት እጽፋለሁ።

አገርኛ ኮሚክስም አንብበናል። ኢታን ኮሚክስ የሚባለው አሳታሚ ያወጣው ጀምበር በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ። ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ተመራቂ ነው። 12ኛ ክፍሎቹ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህን በጥሞና አነበቡት፤ ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። በትችታቸው ግን አልማሩትም፤ «የቱ ጋ?» ለአገር ልጅም ይሠራል።

ያላማረ ነገርም ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር ድምፁ ከፍ ያለ ልጅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመርን፦ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሌላውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ይደግመዋል። ክርክሩ ቀስ አለ። ዝምተኞቹ መናገር ጀመሩ። ሴቶቹ አባላትም ከጥር በኋላ በዙ። የቀለም ኮፒ ዋጋ ግን አስቸግሮናል፤ ለወላጆች ቀን ከሥራዎቹ ከፊሉን ብቻ ነው በቀለም ማባዛት የቻልነው። ቀሪዎቹን ኦሪጅናሎቹን በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው።

አዲሱ የሱፐርማን ፊልም የሚወጣው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነው። እያንዳንዱ አባል አይቶ አንድ ገጽ ጽፎ በመስከረም ይመጣል፤ የወደደውም የጠላውም «የቱ ጋ» እንደሆነ ይጽፋል። የ11ኛ ክፍሉ መቀነት ሠሪ የሚቀጥለው ዓመት ሰብሳቢ ሆኖ ተመርጧል፤ ምክትሉ ያቺው አውራ ጣት ናት። ምዝገባ በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቤታችሁ የቆየ ኮሚክስ ያላችሁ ወላጆች ብታውሱን በጥንቃቄ ይዘን እንመልሳለን። እርሳስና ላጲስ ይዛችሁ ኑ።