ለእማዬ፣ በር ላይ ስለጠየቅሽኝ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው በር ላይ ስንሰነባበት «ሁሉን ነገር የረሳሁ ቀን፣ እኔ እኔ ነኝ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም «እንዲህ አይባልም» ብዬ አፍሽን ዘጋሁት። የፈራሁት እኔ ነበርኩ። ጥያቄሽ ግን አብሮኝ መጣ፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣኝ ከረመ። ይኸው ዛሬ ልመልስልሽ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ስለ ሰው አእምሮ በጻፈው ድርሰት፣ እ.ኤ.አ. በ1694 በወጣው ሁለተኛ እትሙ፣ አንድን ሰው ትናንትም ዛሬም ያው ራሱ የሚያሰኘው ንቃተ ኅሊናው ነው አለ፤ ያለፈ ሥራውን የራሱ አድርጎ እስካሰበው ድረስ። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። በእርሱ ሚዛን ከተመዘንሽ በየቀኑ ትጎድያለሽ ማለት ነውና።

ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሪድ በ1785 የሰጠው መልስ ግን ልቤን አሳረፈው። አንድ ልጅ ፍሬ ሰርቆ ተገረፈ። አድጎ መኮንን ሆነና በመጀመሪያ ዘመቻው የጠላትን ሰንደቅ ማረከ። ሲሸመግል ጄኔራል ሆነ። መኮንኑ ግርፋቱን ያስታውሳል። ጄኔራሉ ሰንደቅ መማረኩን ያስታውሳል፤ ግርፋቱ ግን ከልቡ ፈጽሞ ጠፍቷል። እንግዲህ በሎክ አባባል መኮንኑ ያ ልጅ ነው፣ ጄኔራሉም ያ መኮንን ነው፣ ጄኔራሉ ግን ያ ልጅ አይደለም! ይህ እንዴት ይሆናል? ሎክ በእርግጥ «ሰው» (ሕያው አካሉ) እና «ማንነት» (ራሱን የሚያውቀው እርሱነቱ) የተለያዩ ናቸው ብሎ ይከፍላቸዋል፤ እናቱን ለሚያይ ልጅ ግን ይህ ክፍፍል ምንም አይፈይድም።

እኔስ ብሆን ያጠባሽኝን ቀን መቼ አስታውሳለሁ? ተደግፌሽ የቆምኩበትን፣ በትኩሳት ስቃጠል ያደርሽበትን ሌሊት አንዱንም አላውቅም። የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የእነዚያን ዓመታት ትዝታ እኔ መያዝ ስላልቻልኩ አንቺ ያዝሽልኝ፤ በዚያ ጊዜ ሰው አልነበርክም ያለኝ ደግሞ የለም። አሁን ተራው የእኔ ነው።

ሊቃውንት ነፍስን ነባቢት፣ ለባዊት፣ ሕያዊት ይሏታል። ትናገራለች፣ ታስተውላለች፣ ሕያው ናት። አልዋሽሽም፣ ይህ ትምህርት አስጨንቆኝ ነበር። ንግግር ሲጠፋ፣ ማስተዋል ሲደክም ነፍስ ምን ልትሆን ነው? በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቤተ ክርስቲያን አባት የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ስለ ሰው አፈጣጠር ሲጽፍ አንድ ሙዚቀኛ ያስታውሰናል። መሣሪያው በዘመን ብዛት አርጅቶ፣ ወይም ወድቆ ተሰብሮ፣ ወይም ዝጎ ድምፅ እምቢ ሲል ጥበቡ ከሙዚቀኛው አልተለየም። የዘፍጥረትም ነገር እንዲሁ ነው። «ሰውን በመልካችን እንደ ምሳሌአችን እንፍጠር» የተባለው አዳም አንዲት ቃል ከመናገሩ፣ ለአንድ እንስሳ ስም ከማውጣቱ በፊት ነው። ገና ምንም አልሠራም፣ ምንም አላወቀም ነበር።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1637 «አስባለሁ፤ ስለዚህ አለሁ» ብሎ ጻፈ። ዳዊት ደግሞ በ8ኛው መዝሙር «ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው?» ይላል። እማዬ፣ ሁለቱም የያዙት ያንኑ ማሰብ የሚለውን ቃል ነው፤ በዳዊት አፍ ግን ሰው የሚታሰብ ነው። አንቺ ማሰብ ሲያቅትሽ የሚያስብሽ አለ። ኢሳይያስም እናት ልጇን ልትረሳ እንደምትችል አልሸሸገም። «እርስዋ ትረሳ ይሆናል፥ እኔ ግን አልረሳሽም» ይላል። ይህን ቃል ድሮ የማነበው እንደ ተረሳ ልጅ ሆኜ ነበር። አሁን ግን ለምትረሳዋ እናት የተጻፈ ሆኖ ይታየኛል። ረሳሽ ተብላ አልተወቀሰችም።

ደግሞ ያን ዕለት ያየሁትን ልንገርሽ፤ ምናልባት አንቺ አታስታውሺውም። በአጎቴ ስም ጠራሽኝ። ወዲያው እጅሽ ተነሥቶ ወደ ሸሚዜ ኮሌታ መጣ። የታጠፈውን ጠርዝ በአውራ ጣትሽ እየዳበስሽ አቃናሽው፤ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፍሽልኝ፤ ከዚያ ደረቴን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገሽ «በል ሂድ» አልሽኝ። በልጅነቴ ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኚኝ ልክ እንዲህ ነበር፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ «በል ሂድ»። ስሜ ጠፍቶሽ ነበር፤ እጅሽ ግን አልተሳሳተም። መንገዱን ሙሉ ቁልፉን ሳልፈታ ሄድኩ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ማን ነህ ካልሽኝ ስሜን እነግርሻለሁ፤ አሥር ጊዜ ብትጠይቂኝም አሥር ጊዜ። ኮሌታዬን ሳላስተካክል ነው የምመጣው።

ልጅሽ