የወዴት ነሽ ለሚሉሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደኅና ነን። ሰዎች «የወዴት ነሽ?» ሲሉሽ የምትሰጪው መልስ ሁሉ ጎዶሎ እንደሚመስልሽ፣ እኔና አባትሽ በተወለድንበት አገር እንደ እንግዳ፣ አንቺ ባደግሽበት ደግሞ እንደ መጤ መታየትሽ እንዳደከመሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ በጽሑፍ መመለስን መረጥሁ።

ቀላሉን ላስቀድም። ፓስፖርት የሚናገረው የትኛው መንግሥት ዜጋዬ ብሎ እንደሚቀበልሽ ነው፤ ይህንንም አትናቂው። ዜግነት የሌለው ሰው ለመማርም፣ ለመሥራትም፣ ድንበር ለመሻገርም ይቸገራል፤ በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በ15ኛው አንቀጽ ዜግነትን፣ በ13ኛው ደግሞ ከአገር መውጣትንና ወደ አገር መመለስን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎ አስፍሯል። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ስለ መብትሽ አይደለም።

ዘርሽ ከየት እንደሚመዘዝ ለማወቅ ልታደርጊው ያሰብሽውን የዲኤንኤ ምርመራም አልከለክልሽም። ሆኖም አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ብትቆጥሪ በዘር ሐረግሽ በዚያ እርከን ላይ ብቻ 1,024 የቅድመ አያት ቦታ እንደሚኖርሽ፣ ከእነዚያም ከአንዳንዶቹ ቅንጣት ዲኤንኤ እንኳ ሳትወርሺ ልትቀሪ እንደምትችይ እወቂ። በመቶኛ ተከፋፍሎ የሚመጣልሽ ውጤት መርማሪው ድርጅት በእጁ ካሉት ናሙናዎች ጋር አመሳክሮ የሚሰጠው ግምት ነው። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ካሳደጉት ጋር በሥጋ ባይዛመድም የቤቱ ልጅ ነው፤ ይህንን ምርመራው አይነግረንም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የምታውቂውና የማታውቂው የቤተሰብሽ ታሪክ ነው። በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁራን የሆኑት ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ፣ ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ምን ያህል እንደሚያውቁ ለመመዘን 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ነበር፤ ወላጆችሽ እንዴት ተገናኙ፣ አያቶችሽ የት አደጉ፣ ስምሽ ከየት መጣ የሚሉና የመሳሰሉት ናቸው። ብዙውን የመለሱት ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከፍ ያለ፣ ኑሯቸውን መምራት እንደሚችሉ ያላቸው እምነትም የጠነከረ ሆኖ ተገኝቷል። ምሁራኑ ግን መልሱን መሸምደድ ብቻውን ይህንን እንደማያመጣ አስጠንቅቀዋል፤ ቁም ነገሩ ታሪኩ እየተነገረ፣ ልጅ እየጠየቀ፣ ትልቁና ትንሹ አብረው የሚያሳልፉት ጊዜ ነው። ደግሞም ቤተሰቡ ሲነሣ ብቻ ሳይሆን ሲወድቅም የሚተርክ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ እንደሚያጸና አስተውለዋል። በዚህ እስማማለሁ። ጀግኖች ብቻ የሚኖሩበት የዘር ሐረግ ለሚሳሳት ልጅ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ከእኛ መካከል የተጣሉትን፣ የከሰሩትንና ሳይመለሱ የቀሩትን ጭምር ጠይቂ።

ቋንቋችንን ስትናገሪ ስለሚስቁብሽ ዘመዶች ያነሣሽው እውነት ነው (ከሚስቁት አንዱም ቢሆን አንቺ ያደግሽበትን ቋንቋ የአንቺን ያህል አይናገርም)። ቋንቋው እንዲጠፋብሽ አልፈልግም፤ የቤተሰብነትሽ ማረጋገጫ ፈተና እንዲሆን ግን ከቶ አልፈቅድም። እንደ እኔ አስተሳሰብ አንዲት ሴት የአንድ ቤት ሰው የምትባለው ስትቀር ለምን ቀረች የሚላት፣ ስትታመም የሚነገረው ሰው ሲኖራት፣ እሷም በተራዋ ለሌላው ይህንኑ ስታደርግ ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ አይወሰንም። ባደግሽበት አገር የምታስታምሚያት ጓደኛ አለችሽ፤ እዚህም ሐዘን ሲደርስብን የምናስጠራው አንቺን ነው። አንዱን ለማጽናት ሌላውን እንድትክጂ የሚጠይቅሽ ሰው ቢኖር፣ እኔም ብሆን፣ አትስሚ።

ለጠያቂዎችሽ የምትመልሽውን በተመለከተ፣ ሊያውቅሽ ፈልጎ ለሚጠይቅሽ ረጅሙን ንገሪው፤ ከየትኛው ወገን ሊመድብሽ ለሚጠይቅሽ ግን ስምሽ ይበቃዋል።

ከሃያዎቹ ጥያቄዎች ብዙዎቹን እኔም አልመልሳቸውም። የአባትሽ ታላቅ እኅት ግን አእምሯቸው እንደ ድሮው ነውና ደውዪላቸው። መጀመሪያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠይቂያቸው፤ ስለ አያቶችሽ የምትጠይቂው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የምትወድሽ እናትሽ