ለእማዬ፦ ስለ አፍንጫሽ ጉዳይ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው በስልክ ስናወራ «ድስቱ እስኪያር ድረስ ምንም አልሸተተኝም» አልሽኝና ወዲያው ወሬ ቀየርሽ። «እርጅና ነው፣ ተይው» አልሽ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። ከኮቪዱ በፊት እኮ ከሁላችንም ቀድሞ ጭስ የሚሸትሽ አንቺ ነበርሽ። ዕድሜ ማሽተትን ይቀንሳል፤ ግን ቀስ እያለ ነው። ያንቺ ከትኩሳቱ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የጠፋው።

ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። የገባኝን ልንገርሽ።

ሽታን የሚለየው ከአፍንጫ ጣሪያ ላይ ያለ ትንሽ ስስ ሽፋን ነው። እዚያ ያሉት ነርቮች ባንድ ጫፋቸው የምንተነፍሰውን አየር ይነካሉ። በሌላው ጫፋቸው ደግሞ የተበሳሳ ስስ አጥንት አልፈው አንጎል ይገባሉ። አስቢው፣ ከውጭው ዓለም እስከ አንጎል ያለው መንገድ እዚህ ላይ ምን ያህል አጭር እንደሆነ! ለዚህም ይመስለኛል ሰውነት እዚህ ቦታ ላይ የሚጨክነው። ቫይረስ ሲገባ የተያዙት ሴሎች በፍጥነት ተልጠው ይወድቃሉ። ሐምስተር በሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላይ ሲጠና ሽፋኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሰፊው ሲላጥ ታይቷል።

የገረመኝ ነገር ደግሞ አለ። የኮቪድ ቫይረስ በዋናነት የሚይዘው የማሽተት ነርቮቹን አይደለም። የሚገባበት በር ያለው አጠገባቸው ሆነው በሚደግፏቸውና በሚንከባከቧቸው ሴሎች ላይ ነው። ይህ የታወቀው በ2020 ነው። ደጋፊዎቹ ሲታመሙ ግን ነርቮቹም ይጎዳሉ። ሰፈሩ በሙሉ በኢንተርፌሮንና በሌሎች የአደጋ ምልክቶች ይጥለቀለቃል፤ በሽታ ተከላካይ ሴሎችም ይጎርፋሉ። ያልተያዙት ነርቮች ሳይቀሩ ሽታ የሚይዙባቸውን ተቀባዮች መሥራት ይቀንሳሉ።

አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ያንቺ ለምን ቆየ? በ2022 መጨረሻ የወጣ አንድ ጥናት ላይ ቆም አልኩ። ከ24 ሰዎች አፍንጫ ናሙና ተወስዶ ታየ፤ 9ኙ ከኮቪድ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማሽተት ያቃታቸው ናቸው። በነሱ ሽፋን ውስጥ ቫይረሱ አልተገኘም። ቲ ሴሎች የሚባሉት ተዋጊዎች ግን አሁንም እዚያው ነበሩ፣ አሁንም የቁጣ (የብግነት) ምልክት እየላኩ። የማሽተት ነርቮቹም ቁጥር አንሶ ነበር። ጠላት ሄዷል፤ ጠባቂው ግን ከቦታው አልተነሳም። ይህን ሳነብ አንቺን አሰብኩሽና እንባዬ መጣ።

እማዬ፣ ይህ ሽፋን ዕድሜ ልክ ራሱን ያድሳል። ከሥሩ አዳዲስ ነርቭ የሚወልዱ ሴሎች አሉት። ችግሩ፣ በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ቁጣው ሲራዘም እነዚህ ሴሎች ጥገናውን ትተው ተከላካይ ሴሎችን ወደ መጥራት ይዞራሉ። ቢሆንም ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ የተመለሰላቸው ሰዎች አሉ። «ሳሙናው የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል» ያልሽው አስደንግጦሽ ነበር አይደል? እንዲህ ያለው መዛባት ነርቮቹ እንደገና መንገድ ሲፈልጉም ይመጣል። እኔ እንደ ተስፋ ነው የቆጠርኩት።

አሁን ልመናዬ። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ እንሂድ፤ ሌላ ምክንያት አለመኖሩም ይታይልን። ከዚያ የማሽተት ልምምድ እንጀምር። በ2009 ጀርመን ውስጥ ቶማስ ሁመል የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት ነው፦ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍ። ጠዋትና ማታ፣ እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ያህል፣ ለ12 ሳምንት። ሁሉንም ሰው አይፈውስም፤ ግን ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል፣ ብዙዎችንም ረድቷል። ስታሸቺ ሽታው ድሮ እንዴት እንደነበር አስታውሺ።

እስከዚያው ድረስ ግን እሳት ላይ ያለ ነገር ትተሽ ከማድ ቤት አትውጪ። ጋዝ ሲፈስና ጭስ ሲኖር የሚጮኸውን መሣሪያ እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ ቅዳሜ እተክልልሻለሁ። ያደረ ምግብ ላይ ቀኑን ጻፊበት፤ በአፍንጫሽ አትመኚ። ደግሞም ሽታ ሲጠፋ የምግብ ፍላጎት አብሮ ይጠፋል። ቀሚስሽ እየሰፋብሽ መሆኑን አይቻለሁ፣ አትደብቂኝ።

አራቱንም ሽታዎች በየብልቃጡ አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያውን ቀን አብረን እናሸታለን።

የምትወድሽ ልጅሽ