ይድረስ ለአሥመራው ገጀረት ሰፈር ጎረቤቶቻችን

ከሁሉ አስቀድሞ እናቴን በሕይወት አቆይቶ አሥመራን ደግማ እንድትረግጥ ያበቃት እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የምናመሰግናቸው ሰዎች አብዛኞቹ አሥመራ ናቸው። በስልክ «እግዜር ይስጥልን» ብለን ልንጨርሰው ሞክረን ነበር፤ አንዴ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ አንዴ የድሮ ጎረቤታችን አደይ (በትግርኛ እናቴ ማለት ነው) «ተዉት እባካችሁ፣ ምን አደረግንላችሁና» እያለች አላስጨረሰችንም። እናቴ ደግሞ የተደረገልን ነገር ሰው ፊት ካልተነገረ እንቅልፍ አይወስደኝም ባይ ናት። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍኩ። ስም ያልጠራሁት አደይ ስለከለከለችኝ ነው። እሷ እንደሆነች አማርኛ አሳምራ ታነባለች፤ በእሷ ጊዜ አሥመራ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በአማርኛ ነው የተማረው። ዓይኗ እንቢ ካላት የልጅ ልጆቿ ያንብቡላት።

ለማታውቁን፦ አባታችን ለሥራ ወደ አሥመራ የሄደው ገና ወጣት ሳለ ነው። ሰው ሁሉ ባራቶሎ በሚለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ፋብሪካው በደርግ ዘመን ቢወረስም ባራቶሎ ማለቱን የተወ አልነበረም። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ገጀረት ተወለድን። ግቢያችን ከአደይ ግቢ ጋር በአንድ የድንጋይ አጥር ይዋሰናል። ባለቤቷ አቦይ መደበር ውስጥ ከአሮጌ በርሜል ምድጃና ባልዲ እየሠራ ነበር ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው። መደበርን ላላያችሁ፣ የተጣለ ብረት ሁሉ ተቀጥቅጦ ተመልሶ ዕቃ የሚሆንበት፣ የመዶሻው ጩኸት ከጠዋት እስከ ማታ የማያቋርጥበት የእጅ ባለሙያዎች ገበያ ነው። አቦይና አባቴ የሚግባቡት በሁለት ነገር ነበር፤ በብረትና በብስክሌት ውድድር። እሁድ እሁድ በከተማዋ ዋና ጎዳና በኮምቢሽታቶ ዳር ቆመው ተወዳዳሪዎቹ ሲያልፉ እንደ ልጅ ሲጮሁ አስታውሳለሁ።

የካቲት 1982 ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ከገባች በኋላ አሥመራ ተከበበች። እህልም ነዳጅም በአውሮፕላን ካልመጣ በሌላ መንገድ አይገባም ነበር። በዚያ ከአንድ ዓመት በላይ በቆየ ከበባ አደይ የጋገረችውን እንጀራ ቆጥራ ለሁለት ትከፍልና የእኛን ድርሻ በአጥሩ ላይ ታቀብላለች። የእሷ ታላቅ ልጅ በረሃ ነበር፤ የሻዕቢያ ተጋዳላይ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ አባቴም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። እናቴም ከቀበሌ የምታገኘውን ስኳር በዚያው አጥር ላይ ታሻግር ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ተጋዳላዮቹ ከተማዋን ያዙ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ብዙ ኢትዮጵያውያን አሥመራን እንዲለቁ ሆነ፤ ተራው እኛም ጋ ደረሰ። ስለዚያ መንገድ አሁን አልጽፍም። የምጽፈው አደይ ታናሽ ወንድሜን አዝላ እስከ መኪናው እንደሸኘችን፣ ለስንቅ ሕምባሻ እንደጋገረችልን፣ ከበረሃ የገባው ልጇም በተጋዳላይ ልብሱ ዕቃችንን ተሸክሞ እንደጫነልን ነው። ያንን ቀን ከእኛ ጋር በሰው ፊት መታየት ለእሱ ቀላል አልነበረም። ወንድም ዓለም፣ ያን ጊዜ አመሰግናለሁ ለማለት ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ተቀበለኝ።

እንግዲህ የእቁቡ ነገር። ስንወጣ እናቴ የሰፈሩ ሴቶች እቁብ ውስጥ ነበረች፤ እጣዋ አልወጣም ነበር። እሷ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ረስታዋለች። አደይ ግን የእናቴን መዋጮ ከራሷ ኪስ እየከፈለች ዙሩን አስጨረሰች፤ እጣው ሲወጣም ተቀብላ አስቀመጠች። እኛ አዲስ አበባ ገብተን ከቦታ ቦታ ስንዛወር አድራሻ ስለጠፋ ለመላክ አልቻለችም። በ1990 ኤርትራ ብርን ትታ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታወጣ አደይ ቁጭ ብላ አሰበች፦ ብሩን ብተወው እዚህ አይሠራም፣ ናቅፋ ባደርገው አዲስ አበባ ላለ ሰው ምን ይረባዋል? ሄዳ ወርቅ ገዛችበት፤ ጉትቻና ቀለበት። በዚያው ዓመት አድራሻችንን ከመንገደኛ አግኝታ ደብዳቤ ጻፈችልን፤ ለክረምቱ ራሷ ልትመጣ ቀጠሮ ተያዘ። ስለ ወርቁ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ፊት ለፊት ልታስደንቃት ፈልጋ ነው። ግንቦት ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። ስልክም፣ ፖስታም፣ መንገድም፣ አውሮፕላንም ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ኖራችሁበታል። በሦስተኛ አገር በኩል ወሬ የሚያቀባብል ዘመድ ያለው ታደለ፤ እኛ አልነበረንም።

ሐምሌ 2010 መሪዎቹ ተገናኝተው ስልኩ ሲከፈት እናቴ የድሮውን ቁጥር እየደጋገመች ትሞክር ጀመር። አይሠራም። እዚህ ላይ የማመሰግነው ጎፋ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር አንድ ኤርትራዊ ወጣት አለ። ለራሱ እናት ከስንት ጊዜ በኋላ ደውሎ፣ የገዛ ናፍቆቱን ሳይጨርስ፣ «ገጀረት እንዲህ የሚባሉ ቤተሰብ ፈልጉልኝ» አለ። እናቱ በእግሯ ሄዳ፣ ጠይቃ፣ የአደይን በር አንኳኩታ ቁጥሩን ላከችልን። ልጄ፣ ስምህን እናቴ በጸሎቷ ትጠራዋለች፤ እናትህን ደግሞ ቤቷ ድረስ ሄደን ጉልበቷን ስመናል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሐምሌ 11 ቀን ከ20 ዓመት በኋላ አሥመራ ሲያርፍ በቴሌቪዥን እያየን አለቀስን። እኔና እናቴ የበረርነው ኅዳር ላይ ነው። የእናቴን ሁኔታ አይታ ከመስኮቱ አጠገብ ያስቀመጠቻትና መውረጃው ላይ እጇን ይዛ ያደረሰቻት አስተናጋጅ፣ እናትሽን በዕድሜ ያቆይልሽ። ታናሽ ወንድሜ ጤፍ ይዤ ካልሄድኩ ብሎ በመኪና መጣ፤ መስከረም 1 ቀን በተከፈተው በዛላምበሳ በኩል፣ ሰንዓፈን፣ ዓዲ ቀይሕን፣ ደቀምሓረን አልፎ። ኬላው ላይ ሲያድሩ ጋቢውን አልብሶት እሱ በጃኬት ብርድ ሲመታው ያደረው የሚኒባስ ሹፌርም ምስጋናችን ይድረሰው።

አሥመራ አየር ማረፊያ ላይ ሁለቱ ሴቶች ሲገናኙ የሆነውን ለመጻፍ አልሞክርም። «እንቋዕ ብደሓን መጻእክን»፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ የሚለው የአደይ ድምፅ አልተለወጠም፤ ጉልበቷ ነው የከዳት።

የሚነገረው በማግስቱ ንጋት ላይ የሆነው ነው። በስልክ በተገናኙ ጊዜ እናቴ «አባቱስ?» ስትባል «ደህና ነው፣ ሰላም ይላችኋል» ብላ ነበር፤ መርዶ በስልክ አይነገርማ። አባቴ በ1996 ነው ያረፈው። ልትነግራቸው ያሰበችው በአካል፣ በወግ፣ በማለዳ ነበር። ታዲያ ገና ሳይነጋ የአደይ ልጅ፣ የንስሐ አባታቸውና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደተኛንበት ክፍል ገቡ። እናቴ ሰምተው ሊያስተዛዝኑን የመጡ መሰላት፤ መናገር ጀመረች። እነሱ ደግሞ እሷ ያወቀች መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ለካ አቦይም አርፎ ኖሯል፤ እነሱም በስልኩ «ደህና ነው፣ መደበር ሄዷል» ሲሉን የኖሩት መርዶውን በወግ ለመንገር ብለው ነው። ያን ጠዋት ሁለት መርዶ በአንድ ክፍል ውስጥ ተነገረ። ለቅሶው መሃል ላይ አደይ ድንገት ቀና ብላ «መደበር ሄዷል ስልሽ አመንሽኝ? በዚያ ዕድሜው?» ስትላት እናቴ ሳቀች፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ እንደገና አለቀሱ።

ሰፈርተኛው ቀኑን ሙሉ ጎረፈ። አባቴን በዓይናቸው ያላዩት ወጣቶች ሳይቀሩ ቁጭ ብለው አስተዛዘኑን። አባቴ አዲስ አበባ ሲቀበር ከገጀረት አንድም ሰው አልነበረም፤ እናቴ ስትቆጭበት የኖረችው ይህ ነበር። በትከሻችሁ ድንኳን ተሸክማችሁ ለተከላችሁ፣ ምግብ በሌማት ላመጣችሁ፣ አባቴ የጠገነላችሁን ስፌት መኪና እያነሳችሁ ላጫወታችሁን ሁሉ፣ የቆየ ለቅሶ ደርሳችሁልናል።

ወርቁ የወጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ከሲንጀር ስፌት መኪናዋ መሳቢያ፣ በመሐረብ ተቋጥሮ። አደይ ከደብተር ላይ ሒሳቡን አነበበች። ከራሷ የከፈለችውን መዋጮ አልቀነሰችም። በእነዚያ ዓመታት እሷ ያለፈችበትን የሰፈሩ ሰው ነግሮኛል፤ አቦይ ታሞ ሲማቅቅ፣ በ2008 የናቅፋው ኖት ራሱ ተለውጦ ከባንክ ማውጣት ሲገደብ፣ ሴት ልጇን ስትድር። መሳቢያው አልተከፈተም። እናቴ አልወስድም አለች፤ አደይ ካልወሰድሽ ቤቴ አትመለሽ አለች። ነገሩ ከረረና ወደ ሽማግሌ ሄደ። የእቁቡ ዳኛ የነበረችው እናት ዛሬም በሕይወት ስላለች እሷው ፈረደች፤ ጉትቻው ለእናቴ፣ ቀለበቱ ለአደይ። እናታችን፣ ፍርድሽ ተከብሯል፤ ጉትቻው አሁን ስጽፍ እናቴ ጆሮ ላይ ነው።

ከተማዋን ብዙም አላየሁም ብል ነው የሚሻለው። ኢምፔሮ ሲኒማ ፊት ማኪያቶ ጠጥቻለሁ፤ በ1938 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የፊያት ነዳጅ ማደያ ያለ ምሰሶ የተዘረጋ ክንፉን ቆሜ አይቻለሁ። ዩኔስኮ ከተማዋን በ2009 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል፤ ይገባታል፤ ቀለም የሚያስፈልገው ግድግዳ ግን ብዙ ነው። ውኃ በቦቴ ነበር የሚገዛው። ይህንን እያወቅን ማታ ማታ ለእናቴ እግር መታጠቢያ የሞቀ ውኃ ሲመጣ አፍረን ነበር። ውኃውን ስትቀዳና ስታሞቅ የነበርሽው የአደይ የልጅ ልጅ፣ «ከየት አመጣሽው?» ስልሽ «አይጠየቅም» ያልሽኝ፣ ባል ሳይሆን መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ይስጥሽ። ለመንገደኛ የስልክ ካርድ በቀላሉ ይገኝ ስላልነበረ በብስክሌት መልእክት ሲያመላልስልን የነበረው ወንድምሽም እንዲሁ።

የተወለድኩበት ቤት ውስጥ ዛሬ የምትኖረውን እናት ለብቻዋ ማመስገን አለብኝ። ባሏ በ1990 በፈነዳው ጦርነት ጾረና ግንባር ቀርቷል። የእናቴ የእህት ልጅም በዚያው ጦርነት ነው ያለፈው። በሩን ስናንኳኳ ማን እንደሆንን ታውቃለች። «ግቡ» አለች። ቡና አፈላች። እናቴ የወለደችበትን ክፍል፣ አባቴ በግድግዳው ላይ የመታውን መንጠቆ አሳየቻት፤ መንጠቆው ላይ የባሏ ፎቶ ተሰቅሏል። እናቴ ፎቶውን አይታ ስሙን ጠየቀች፤ እሷም የእህቷን ልጅ ስም ጠየቀች። ሦስተኛው ቡና እስኪጠጣ ስለ ሌላ ነገር አልተወራም። ያን ቤት ስላስገባሽን እግዚአብሔር ልጆችሽን ይባርክልሽ።

ኅዳር 21 የእንዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንግደት፣ ዓመታዊ ክብረ በዓሉ፣ ነበር። አደይ ጾም ሆኖ ሥጋ ማቅረብ ባለመቻሏ እንደ ትልቅ ጉዳት ቆጥራው ስታጉረመርም ዋለች፤ እኛ ግን ከሽሮውና ከምስሩ መነሳት አቅቶን ነበር። ደጀ ሰላሙ ላይ እናቴን ከሕዝቡ ግፊያ ጠብቀው ያስቀደሱ ዲያቆናት፣ ስዋ (የአገሩ ጠላ) ካልጠጣሽ አትወጪም እያሉ በየግቢው ያስገቧት እናቶች፣ ሁላችሁንም በስም ለመጥራት ቦታ አይበቃኝም።

አደይ፣ አሁን ተራው የአንቺ ነው። ለፋሲካ ትመጪያለሽ፤ ትኬቱን ልጆቼ ተካፍለው እየቆጠቡ ነው። ለጉልበትሽ ብለን መኝታሽን ምድር ቤት አድርገነዋል፤ ደረጃ የለውም። ታናሽ ወንድሜ ቦሌ ድረስ ይመጣል፤ አዝለሽ የሸኘሽው እሱ ስለሆነ መሸከሙ የእሱ ዕዳ ነው ይላል። ስዋ በጀሪካን ይዤ እመጣለሁ ያልሽውን ግን ተዪው፣ አውሮፕላን ላይ አያስገቡትም። ጌሾ እዚህ ሞልቷል፤ እዚሁ ትጠምቂልናለሽ።

የገጀረቷ ልጃችሁ፣ ከነእናቷና ከነወንድሞቿ
አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም.